የልጄ ሚስማር

በደርግ ጊዜ ጋሸና ላይ የጭነት መኪና ድርጅት ቢሮ እጠርግ ነበር። ሾፌር ከመንገድ ሲመለስ ቁልፉን ግድግዳው ላይ ለመኪናው በተመደበው ሚስማር ይሰቅላል። እዚያው ሾፌር የነበረው ልጄ እህል ጭኖ ወደ ላሊበላ እንደወጣ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው፤ የእሱ ሚስማር ባዶውን ከረመ። ሞተር ስሰማ መጥረጊያዬን ጥዬ እወጣለሁ፤ ሁሌም የሚወርደው የሌላ ሰው ልጅ ነው።

አንድ ቀን የስምሪት ኃላፊው የአዲስ መኪና ቁልፍ ይዘው ወደዚያ ሚስማር ሄዱ።

«ጓድ ኃላፊ፣ እዚያ ላይስ አይስቀሉብኝ!»

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ሚስማር ነው።»

«ሲመጣ የት ሊሰቅል ነው?»

ኃላፊው ጎኑ ላይ ሌላ ሚስማር መቱ። እኔ ግን ነገ ሌላ ኃላፊ ቢመጣስ ብዬ ፈራሁ። የቤቴን ቁልፍ ከማተቤ ፈትቼ በልጄ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሳይቆለፍ ያድራል። ነፋስ በሩን ሲገፋው፣ «መጣህ ልጄ?» እላለሁ።