«ቴክ» ላይ የቀረንበት ዓመት

ከጎኔ ካለው ክፍል ተማሪዎች «ቴክ ኦፍ፣ ማውለቅ፤ ቴክ አፍተር፣ መምሰል» እያሉ በአንድ ድምፅ ሲያነበንቡ በሰማሁ ቁጥር፣ የአባቴ የስፌት መኪና ጆሮዬ ውስጥ መንኳኳት ይጀምርና ጠመኔዬን እንደያዝኩ ሰሌዳው ፊት ቆሜ እቀራለሁ። ዛሬ እዚሁ ደብረ ታቦር የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ እንግሊዝኛውን የያዝኩት ግን ከዚያ መኪና ሥር ተቀምጬ ነው፤ ቅናቱንም እዚያው ነው የለመድኩት።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ጀምሮ የተወ ሰው ስለነበር፣ ትምህርት ማለት ለእሱ በቃል መያዝ ነበር። አንድ ደንበኛው የሆነ አስተማሪ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ በእጁ የጻፈውን ወፍራም ደብተር አዋሰው። ደብተሩ ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ የሚወልዳቸው አባባሎች ከነትርጉማቸውና ከነአገባባቸው ተደርድረዋል፤ መጀመሪያ «ቴክ»፣ ከዚያ «ጌት»፣ ከዚያ «ፑት»፣ መጨረሻ «ብሬክ»። አባቴ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ነገሩ ግን ከእኔ ቀድሞ ገባው። «ቴክ መውሰድ ከሆነ ቴክ አፍተር እንዴት ብሎ መምሰል ይሆናል?» ብዬ ስነጫነጭበት መቀሱን አስቀመጠና፣ «እኛስ ጠጅ እንጥል የለም? ድንኳን እንጥል የለም? ዕጣ እንጥል የለም? የትኛውን ነው አንስተን መሬት ላይ የወረወርነው?» አለኝ።

ስምንተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ የአክስቴ ልጅ የሻረግ አንዲት ፌስታል አንጠልጥላ ከእብናት መጣች። በአንድ ዓመት ትበልጠኝ ነበር፤ ክፍላችን ግን እኩል ነው። አባቷ የላካት በስንት ልመና ነበር፤ «ሚኒስትሪን ካለፈች ትማር፤ ካላለፈች ተመልሳ ባል ታግባ» ብሎ ቆርጧል። ቤታችን ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ እኔም አውቅ ነበር። አባቴ ገና ከደጅ ሲያያት «ወይ ጉድ፣ ቁርጥ እናቴን!» ብሎ ግንባሯን ሳማትና ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔን አንድም ቀን እንዲያ ብሎኝ አያውቅም። የእኔ መልክ በእናቴ ወገን ነው፤ ታዲያ ምን ላድርግ? ያን ዕለት ራት አልበላም ብዬ ተኛሁ።

አባቴ ያወጣልን ሕግ የቄስ ትምህርት ቤቱን ነበር፤ ቀድሞ ያወቀ ኋላ የቀረውን ቃል በቃል እያስባለ ያስጠናዋል፣ ኋለኛው ሳይዝ ደግሞ ፊተኛው ወደሚቀጥለው አያልፍም። ደብተሩን በመኪናው መሳቢያ ቆልፎ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የደረስንበትን ገጽ ብቻ ያወጣልንና፣ መኪናውን እየረገጠ በጆሮው ይከታተለን ነበር። ቋንቋውን ባያውቅም ድምፅ ሲደናቀፍ ይለያል። የሻረግ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትደናቀፍ ስትወጣው «እሰይ የኔ ልጅ!» ይላት ነበር። የኔ ልጅ! የራሱ ልጅ አጠገቧ ተቀምጣ!

ኅዳር ገብቶ ገብሱ ሲታጨድ የሻረግ «ቴክ»ን ጨርሳ እኔን ማስጠናት ጀመረች። «‹ቴክ ኬር ኦፍ› መንከባከብ ነው፤ ለሕፃንም፣ ለከብትም፣ ለታመመም ይሆናል፤ እኔ አንቺን እንደምጠብቅሽ አድርገሽ ያዢው፣ ትርንጎዬ» አለችኝ። «ማን ጠብቂኝ አለሽ?» አልኳትና ፊቴን አዞርኩ። የዚያን ቀን ነው ነገሩ የበራልኝ፤ እኔ ካልያዝኩ እሷ አታልፍም። ምንም ክፉ ነገር መሥራት አያስፈልገኝም፤ አለማወቅ ብቻ ይበቃኛል።

እናም በጋውን ሙሉ አላወቅሁም። «ቴክ አፍተር»ን በ«ቴክ ኦፍ» እየለወጥኩ፣ መሐል ላይ ቆም እያልኩ፣ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ፣ ያንኑ ሰባት ገጽ ከኅዳር እስከ ግንቦት አስረገጥኳት። አባቴ መኪናውን አቁሞ «ምነው ልጄ፣ ምን ነካሽ?» ሲለኝ የሻረግ ቀድማ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ በደንብ ያላስረዳኋት፤ ነገ ይስሙን» ትለው ነበር። እኔ ደግሞ አባቴ ገበያ ሲወጣ፣ እሷም ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ፣ የመሳቢያውን ቁልፍ ከትራሱ ሥር አወጣና «ጌት»ንም «ፑት»ንም ለብቻዬ አነብ ነበር። ያን የሚያህል ምቀኛ ነበርኩ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ሰኔ ላይ ተፈተንን፤ የእንግሊዝኛው ጥያቄ በ«ጌት»ና በ«ፑት» የተሞላ ነበር። ክረምቱ ጠንቶ ጉሙ ከደጃችን አልገፈፍ ባለበት ሰሞን ውጤት መጣ፤ እኔ አለፍኩ፣ የሻረግ በእንግሊዝኛው ወደቀች። አባቴ ወረቀቷን እያገላበጠ «እሷ? እሷ ትወድቃለች?» አለ። አባቷ መጣና በዝናቡ ይዟት ሄደ። በአውቶቡሱ መስኮት እጇን ስታውለበልብልኝ ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለኝም።

የሻረግ ተዳረች፣ ፈታች፣ አረብ አገር ሄዳ ብዙ ዓመት ቆየች። አምና ተመልሳ ገበያው አጠገብ የልብስ ሱቅ ከፈተች። ከየአገሩ ከመጡ ሴቶች ጋር ስትሠራ ኖራ እንግሊዝኛው ከአፏ እንደ ውኃ ይወርዳል፤ እኔ በሰሌዳ እየተጨነቅሁ የማስተምረውን እሷ ትቀልድበታለች። ሳልደብቅ ልናገር፣ ዛሬም ቀናሁባት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ግን አንድ ቀን ሱቋ ተቀምጬ፣ ብቅል የሚባል ነገር ሳልቀምስ ወጣኝ።

«የሻረግ፣ ያኔ ‹ቴክ›ን አውቀው ነበር። ሆን ብዬ ነው የያዝኩሽ።»

የምታጥፈውን ቀሚስ አላስቀመጠችም። «አውቃለሁ እኮ» አለችና ሳቀች። «እንቅልፍ ላይ ስትቃዢ ሁሉንም ሳትደናቀፊ ትወጪው ነበር። አንድ መደብ ላይ አልነበር የምንተኛው?»

«ታዲያ ለአባባ ለምን አልነገርሽውም?»

«ምን ብዬ? እንጀራቸውን እየበላሁ ልጅዎ ዋሾ ናት ልበላቸው?» አለችኝና ቀሚሱን መደርደሪያው ላይ አኖረችው።

ያን ዓመት ሙሉ አባቴንም ቤቴንም የቀማችኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን በእሷ ዕድሜ ያሉ፣ ከገጠር መጥተው ዘመድ ቤት የተጠጉ ልጆች ክፍሌ ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ሳያቸው ነው የሚገባኝ፤ ያ ቤት የእኔ እንደነበር ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ከሁሉም አብልጣ የምታውቀው ደግሞ የሻረግ ነበረች።