የነገሌ ተራ

ከቤቴ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ልጆች ለስላሳ ሲያስከፍቱ፣ ቆርኪው ሲሚንቶ ላይ ወድቆ፣ ተንከባልሎ፣ በጥርሱ ሲቆም የሚያሰማት ድምፅ አለች። እሷን በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን አስቀምጬ ወደ ቡፌው ዘወር እላለሁ። ቡፌው ከተሸጠ ስንት ዘመኑ።

ያደግሁት ናዝሬት ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ የቀበሌ ቤት። አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር፤ መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ካኪ ሲሰፋ ይውላል፣ ወጡንም በአብዛኛው እሱ ነበር የሚሠራው። እማዬ ስልክ ቤት ማዞሪያ ላይ ትሠራ ነበር። ያኔ ከከተማ ከተማ መደወል የፈለገ ሰው መጀመሪያ እሷን አግኝቶ፣ እሷ ደግሞ የወዲያኛውን ከተማ ሠራተኛ ጠርታ ነበር የምታገናኘው፤ ሠራተኞቹም እርስ በርስ በከተማቸው ስም ይጠራሩ ነበር። «ነገሌ!» ትላለች እማዬ። «አቤት ናዝሬት! አካም ጂርታ?» ይላል ከአርሲ ነገሌ የሚመጣው ድምፅ። ጋሽ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከቤታችን አንድም ሰው በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም።

መስመሩ ጭር ሲል እሷና ጋሽ ገመቹ ዳማ ይጫወቱ ነበር። ለሰሌዳው ጥቁር ቤቶች ከአንድ እስከ ሠላሳ ሁለት ቁጥር ሰጥተው፣ እሷ «ከዘጠኝ ወደ አሥራ ሦስት» ስትል እሳቸው «ከሃያ ሁለት ወደ አሥራ ስምንት፤ አሁን ምን ይውጥሽ ናዝሬት!» ይላሉ፤ ደዋይ ሲመጣ ይቋረጣል፣ ሲሄድ ይቀጥላል፤ አንዱ ጨዋታ ሳምንታት ይወስድ ነበር። እማዬ እንዳይጠፋባት ቡፌው ላይ ሰሌዳ ዘርግታ፣ የራሷን ቆርኪዎች በፊታቸው፣ የሳቸውን በጀርባቸው ትደረድራለች። ጋሽ ገመቹ ግን ሰሌዳ አልነበራቸውም። «እኔ ሰሌዳ ምን ያደርግልኛል? ራሴ ውስጥ አለ» እያሉ ይኮሩባት ነበር።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ ገመዱን እየበጠሰ መስመሩ ለቀናት ይጠፋ ነበርና፣ እማዬ ከሥራ ገብታ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ቡፌው ፊት ቆማ ስታሰላስል ታመሻለች። አባዬ ይቀልድባት ነበር። ደንበኛ መጥቶ «ባለቤትህ ደህና ናት?» ካለው፣ እሷ እዚያው ቆማ እየሰማች፣ «ነገሌ ሄዳለች፤ ስትመለስ ሰላምታህን አደርሳለሁ» ይላል። እኔን ግን ቀልዱ አያስቀኝም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ እኩል ያልተካፈለ ነገር አይዋጥልኝም፤ አንድ ቀን መሀል ወለሉ ላይ ቆሜ፣ «ቀኑ የሥራ፣ ምሽቱ የነገሌ፤ የእኔስ የትኛው ነው?» አልኳት።

«እውነትሽን ነው» አለችና ወንበር አስጠግታ አጠገቧ አቆመችኝ። «በይ፣ ከዛሬ ጀምሮ የነገሌ እጅ አንቺ ነሽ።»

ከዚያ በኋላ ጋሽ ገመቹ በስልክ የተናገሩትን እማዬ ይዛልኝ ስትመጣ፣ ቆርኪያቸውን የማንቀሳቅሰው እኔ ሆንኩ። መስከረም አልፎ የናዝሬት ንፋስ አቧራውን ማንሳት ሲጀምር፣ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ አንስቼ፣ ጠርጌ፣ ከነበሩበት ሳላዛንፍ የምመልሰውም እኔ ነበርኩ። እማዬ ስትበላኝ አኮርፋለሁ፤ እሷም «አንቺን መቼ በላሁ፣ ነገሌን ነው እንጂ» ትለኛለች፤ አባዬ ሽሮውን እያማሰለ ከጓዳ ይስቅብናል።

በኅዳር መጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ እማዬ ሁለት የታጠቁ ሰዎች አስከትላ ከሥራ መጣች። ለካ መስመሩን የሚያዳምጥ ሰው ነበርና ቁጥሮቹን የምስጢር መልእክት ናቸው ብሎ ኖሯል። አንደኛው ወደ ቡፌው ተጠግቶ ሰሌዳውን ብዙ አየ። እሱም ዳማ ሳይችል አይቀርም።

«በዚህ ወገን የሚጫወተው ማነው?» አለኝ።

«ጋሽ ገመቹ ናቸው። ቆርኪውን የማነሳላቸው ግን እኔ ነኝ።»

«መጨረሻ የተጫወተውስ?»

እማዬ በፊተኛው ቀን ያንቀሳቀሰቻትን ቆርኪ አሳየሁት። ከስልክ የሰሟቸው ቁጥሮች የተጻፉበትን ወረቀት አየና ራሱን ነቀነቀ፤ «ልክ ናት። ግን ክፉኛ ይዞሻል» አላት እማዬን፣ ሊስቅም ምንም አልቀረው።

«እንግዲህ አያችሁ፣ ጨዋታ ነው» አለች እማዬ። «ነገሌ የያዛችኋቸውን ጋሽ ገመቹንም ልቀቋቸው።»

«የሱ ቤት ተፈትሿል። ሰሌዳ የሚባል የለም።»

«በቃላቸው ነው የሚጫወቱት። ሰሌዳ አያስፈልጋቸውም።»

«ሠላሳ ሁለት ቤት በቃሉ የሚይዝ ሰው» አለ ሁለተኛው ሰው ረጋ ብሎ፣ «ሌላስ ምን ይዟል?»

«ሰሌዳውን ውሰዱና አሳዩላቸው እባካችሁ።»

«እኛ ፖስታ ቤት ነን?» አለና ወጡ። እማዬን ተዉልን።

በማግስቱ አባዬ የደንበኛ ሥራ አልነካም። ካኪ ዘርግቶ፣ በጥቁር ጨርቅ ቤት ቤቱን ለጥፎ፣ ሌሎች ቆርኪዎች በምስማር እየበሳ፣ ቡፌው ላይ ያለውን እያየ፣ ሁሉንም በየቦታቸው እንደ ቁልፍ ሰፋቸው፤ መንገድ ላይ እንዳይናወጡ ነው። ያን ጊዜ አልቀለደም። ጨርቁን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ፣ በቡልቡላ በኩል በሚያልፈው አውቶቡስ ነገሌ ሄደ።

ሲመለስ ጨርቁ እንደተጠቀለለ ነበር።

«ፖሊስ ጣቢያ ‹እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ አልነበረም› አሉኝ» አለ። «ልዘረጋላቸው ስል ‹እጠፈው› አሉኝ።»

እማዬ ሥራዋን አልተወችም። ነገሌን ስትጠራ አንድ የማታውቀው ወጣት «አቤት» ይላታል፤ ታገናኛለች፣ በቃ። በጋው እንዲያ አለፈ። ከሥራ እየመጣች ነጠላዋን አውልቃ ከእኔ ጋር ትቀመጥ ጀመር፣ ፀጉሬን ትሠራኛለች፣ ትምህርቴን ትጠይቀኛለች፤ ድርሻዬን ብዬ የጮህኩበትን ምሽት ሁሉ ሙሉውን አገኘሁት። ግን ጉንጉኑን መሀል ላይ አቁማ ትቀራለች፣ እኔም ፀጉሬ በእጇ እንደተያዘ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ደስ ላሰኛት ብዬ ወደ ቡፌው ሄጄ ከጋሽ ገመቹ ቆርኪዎች አንዱን አነሳሁ።

«ቃል መጥቷል?» አለችኝ።

«አልመጣም። ለሳቸው ብዬ ነው።»

«መልሺው። የነገሌ እጅ ነሽ እንጂ ነገሌ አይደለሽም። ተራው የሳቸው ነው።»

መለስኩት። እሷ እስክትሞት ድረስ የጋሽ ገመቹን ወሬ ያመጣልን የለም። ተይዘው የሞቱት በየት እንደሆነ፣ መሞታቸውንም ቢሆን፣ አልሰማንም። የሚበልጠው ተጫዋች ሰሌዳ ስላልነበረው ጠፋ፤ እናቴ ሳታይ መያዝ ስላልቻለች ተረፈች። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ቢሆንም ይህን ትክክል ነው የሚል የተማረ ሰው ካለ ቤቴ መጥቶ ያስረዳኝ።

አሁን ማዞሪያ የለም፤ ማንም ከኪሱ አውጥቶ የፈለገበት ይደውላል። ልጄ እንደ እማዬ ከሥራ ወደ ቤት ስትሮጥ ትውላለች፣ የልጅ ልጄ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ ከማታውቀው፣ የት አገር እንዳለ እንኳ ከማታውቀው ሰው ጋር በስልኳ ዳማ ትጫወታለች። ባለፈው ሳምንት «አያቴ፣ አሸነፍኩ» አለችኝ።

«በላሽው?»

«አይ፣ ቆየ። ሰዓቱ ሲያልፍበት ስልኩ ራሱ ጨዋታውን ለእኔ ሰጠኝ።»

«ለምን እንደቆየ ጠየቅሽው?»

ጥያቄው አልገባትም፤ ሳቀችብኝ። ተነስቼ ከሣጥን ያንን ካኪ አወጣሁና አልጋ ላይ ዘረጋሁላት። ቆርኪዎቹ ዝገዋል፣ ክሩ ግን የአባዬ ክር ነው፣ አንዱም አልላላም። አጎንብሳ በጣቷ እየተከተለች ብዙ አየች።

«የቱ ነው የሚጫወተው?» አለችኝ።

በጀርባቸው የተሰፉትን አሳየኋት።

«ታዲያ መቼ ነው የሚጫወቱት?»

«ተራው የሳቸው ነው» አልኳት፤ ጨርቁንም እንደነበረ አጠፍኩት።