አርባ ያልጠበቀ ተዝካር

የታሰርኩት ጫካ ላሉት ፋሻ ሸጠሃል ተብዬ ነው። መድኃኒት ቤት ፋሻ ካልሸጠ ምን ይሽጥ ብዬ ስጠይቅ የያዘኝ ሰው በጥፊ መለሰልኝ፤ ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተውኩ። ሱቄን እንኳ ሳልቆልፍ ከቁስቋም በፒካፕ ጭነው ከከተማው ወጣ ወዳለ የእህል መጋዘን ወሰዱኝ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የገብስ ሽታ ነው። እህሉ ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቶ ቀኑን ሙሉ ሲያስርበን ይውል ነበር።

ውስጡ እግር መዘርጊያ አልነበረውም። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሐጂ፣ የአዲስ ዓለም ጨርቅ ነጋዴ፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። ከጎናቸው አንድ መነኩሴ ነበሩ። ቆባቸውን ወስደውባቸው ራሳቸው ላይ የነጠላ ቁራጭ ጣል አድርገዋል።

"አባ፣ እርስዎ ደግሞ ምን አድርገው ነው?" አልኳቸው።

"እንግዳ አሳደርኩ።"

"ማንን?"

"የእግዜር እንግዳ ስሙ አይጠየቅም፣ ልጄ።"

አባ ዳቦ ሲታደል ግማሹን ለሚያስለው ሰው ይሰጣሉ። ሰው ቤቱን አንስቶ ሲተክዝ ደግሞ፣ "ይህ ማደሪያ ነው፤ አገራችን ወዲያ ነው" ይላሉ። እኔን ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር።

"የኔ አገር ቁስቋም ነው፤ ልጄም እዚያው ናት" አልኳቸው አንድ ቀን። "እዚያ እርስዎ አገር ደግሞ ምን አለ?"

"ቆጠራ የለም" አሉ።

ጠዋት ጠዋት ጠባቂው ትከሻ ትከሻችንን በዱላ እየመታ ነበር የሚቆጥረን። ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቅሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት መርማሪው ራሱ መጣ። ጥግ ላይ የተረሳው የእህል ሚዛን ላይ ተቀምጦ አባን አስጠራ።

"እናትህ አምባ ጊዮርጊስ አርፋለች" አለ። "ነገ ትቀበራለች። ያሳደርከውን ሰው ስም ንገረኝ፣ በመኪና አደርስሃለሁ።"

አባ አማተቡ። "ነፍሷን ይማር" አሉ። "እኔ ስመነኩስ እንደ ሬሳ ተጋድሜ ፍትሐት ተፈትቶልኛል። ለዚህ ዓለም የሞትኩ ነኝ። ሙት ቀብር አይወጣም።"

መርማሪውም የክርስቲያን ልጅ ነው፤ መነኩሴ በቁሙ ፍትሐት እንደሚፈታለት ያውቃል። ፈገግ አለ።

"ሸጋ። እንግዲህ ሙት አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይቆጠርም። ያበላው ካለ አብሮት ይሙት።"

ጠባቂው የወገራ ሰው ነው፤ ቃል በቃል ፈጸመው። በማግስቱ ሲቆጥር የአባን ትከሻ ዘለለው፤ ዳቦውም በአንድ ጎደለ። አባ ወደ ውሃው ጣሳ እጃቸውን ሲዘረጉ ጣሳውን በጫማው መታው። ሐጂ የፈሰሰውን በጋቢያቸው ጫፍ ከሲሚንቶው ላይ ሊያነሱ ሲሞክሩ እጃቸው ላይ ቆመባቸው። ቆሞም ሲጋራ አቀጣጠለ።

በስውር ልንሰጣቸው ስንሞክር አባ አፋቸውን ገጠሙ፤ "በእኔ ጦስ ሰው አይሞትም" አሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ የእጃቸውን ቆዳ ቆንጠር አድርጌ ለቀቅኩት። እንደቆነጠርኩት ቆሞ ቀረ። ሰውነታቸው ውሃ እንደጨረሰ በሙያዬ አወቅሁ፤ ከመርማሪው ይልቅ በእሳቸው ተናደድኩ።

"አባ፣ እውነት ሞተዋል?" አልኳቸው።

"እኔም መስሎኝ ነበር" አሉ። ምላሳቸው ደርቆ ቃሉ አልወጣ ብሏቸዋል። "ፍትሐቱ ግን እናቴ ድረስ አልዘለቀም።"

ሊያለቅሱ ፊታቸው ተጨማደደ፤ እንባ ግን አልነበራቸውም። ያኔ ነው አንድ ነገር የመጣልኝ። ለሐጂ ነገርኳቸው። ዳቦአቸውን አውጥተው፣ "ለእናንተ ተዝካር ይሁን፣ ለእኔ ሰደቃ ነው" ብለው ሰጡኝ። በቆጠራ ሰዓት፣ በግልጽ፣ ጃኬቴን አባ ፊት አንጥፌ ሁለት ዳቦና አንድ ጣሳ ውሃ አቀረብኩ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ ጠባቂው።

"ተዝካር ነው። ሙት ነው ብላችኋል፤ ለሙት ተዝካር ይወጣለታል።"

"አርባው መች ደረሰና?"

"በዚህ አያያዛችሁ እኛም ለአርባ አንደርስም።"

"ማን ሊበላው ነው?"

"ተዝካር የሚበላው ቄስና መነኩሴ ነው። እዚህ ያሉት መነኩሴ እሳቸው ብቻ ናቸው።"

እግሩን አነሳ። ጣሳውን ሊመታው ነው ብዬ በእጄ ከለልኩት። ነገር ግን ተዝካር በእግሩ የሚረግጥ ሰው ወገራ ላይ አላደገም። እግሩን መልሶ አሳረፈና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። "ቶሎ በሉ" አለ።

አባ ባርከው በሉ። እንዳይጣደፉ ጣሳውን እኔ ያዝኩላቸው። ሁለተኛውን ዳቦ ቆራርሰው ለሁላችንም አደሉን፤ እኛም እንደ ወጉ፣ ከፊታችን ለተቀመጡት ሰውዬ፣ "ነፍስ ይማር" አልን። አንዱ ሳቀ፤ አባም ሳቁ።

መርማሪው ምሳ ሳይደርስ ሰማ። "ፋሻ የምትሸጠው በየትኛው እጅህ ነው?" አለኝ። ቀኝ እጄን ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ በብረት መመዘኛው መታኝ። ከዚያ ወደ አባ ዞረ።

"ተዝካሩ የተበላ ሙት ደግሞ ከሰው ጋር አይቀመጥም" አለ። "አውጡት።"

ቀድመው የተነሱት ሐጂ ናቸው። ከዚያ ሬሳ ሲያልፍ እንደሚነሳ ሁሉም ተነሳ፤ እኔም እጄን አቅፌ ተነሳሁ። ጠባቂዎቹ ተቀመጡ ብለው ቢጮኹ የተቀመጠ የለም። አባ በሩ ላይ ዘወር አሉ።

"ተቀመጡ፣ ልጆቼ። ገና ነኝ" አሉ።

የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ቆምን። ከዚያ ወዲያ አላየናቸውም፤ የት እንዳደረሷቸው የነገረን የለም።

ሁለት ጣቶቼ ዛሬም አይታጠፉም፤ ክኒን የምትቆጥርልኝ ልጄ ናት። ከተፈታሁ በኋላ፣ ቢዘገይም የእናታቸውን ለቅሶ ልድረስ ብዬ አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩ። ሰው አጠያይቄ ከደጃፉ ስደርስ አንዲት ባልቴት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

"የአባን እናት ለቅሶ ልደርስ ነበር" አልኳቸው።

"እናቱ እኔ ነኝ" አሉ።

መርማሪው ዋሽቶ ነበር።

"ምነው ልጄ፣ ቆመህ ቀረህ? ተቀመጥ እንጂ። ከሱ ዘንድ ነው የመጣኸው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እኔስ ሲመነኩስ አልቅሼ ቀብሬዋለሁ። ግን ስሙን ሲያነሱብኝ ሆዴ ይባባል።" ምስሩን መልቀም ተዉ። "ይበላል?"

"ይበላል፣ እማማ። አብረን በልተናል።"

አባ ስለሚሉት አገር የማውቀው ነገር የለም። እዚያ ደርሰው ከሆነ ግን እናታቸውን ሲፈልጉ ይታየኛል፤ መርማሪውን ከሁሉ ይልቅ ይቅር ያላልኩት በዚህ ነው። እናታቸው አምባ ጊዮርጊስ፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።