ለእንግዳ ሲባል የጠፋ ጭስ

ገላነሽ ስትናደድ ድምጿ ይቀንሳል። እኔ ስናደድ እጮኻለሁ፤ ስለዚህ ታሪኳን እኔ ጎረቤቷ ልናገር።

የምትኖረው ወረታ፣ ከሩዝ መፈልፈያው አጠገብ ነው፤ እዚያው ሩዝ ታበጥራለች። መፈልፈያው የሚተፋው ገለፈት ከጓሮዋ ተቆልሎ፣ ከአጨዳ እስከ ፋሲካ ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። ልጇን ማስተዋልን ትንፋሽ ያጥራታል። ባለመፈልፈያው በላቸው (አቶ ልለው አልፈልግም) ክምሩን ከከተማ እንዲያወጣ ስንት ጊዜ ለመነችው! «የሩዝ ጭስ ማንን ገደለ?» ይላል፣ ሐሙሲት ከሠራው ቤቱ ንጹሕ አየር ስቦ እየመጣ።

ዘንድሮ እንዳልካቸው የሚባል ተመራማሪ መጣ። የአየር ብክለትን በኮምፒውተር የሚያሰላው ሞዴል የፎገራ ሜዳ አየር ንጹሕ ነው ይላል፤ ከላይ የሚያልፈው ሳተላይት ደግሞ ወረታ ላይ ጭስ ያያል። የትኛው እንደተሳሳተ መሬት ላይ ለክቶ ሊለይ ነው። ሳተላይቱ ልክ ከሆነ ክምሩ ይነሣል ተባለ።

እኛስ ምን አደረግን? ሊለካ በሚመጣበት ዋዜማ፣ ያውም ገላነሽ ራሷ ፊት ቀድማ፣ ክምሩ ላይ ውኃ አፈሰስንበት፤ አፈር አለበስነው። እንግዳ በጭስ ይቀበሏል እንዴ? ደጁን ጠረግን፤ ቄጠማ ጎዘጎዝን። ሰውየው የመጣው ጭሱን ፍለጋ መሆኑን አንዳችንም አላሰብንም። አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

እንዳልካቸው መሣሪያውን ተክሎ ዋለ፤ ጠላችንን ጠጣ፤ አመሰገነን። ማምሻውን ቁጥሩን አየና፣ «እትዬ ገላነሽ፣ ደስ ይበልዎት፤ ሞዴሉ ልክ ነው፣ ሳተላይቱ ነው የተሳሳተው» ብሏት ሄደ። በአንድ ቀን ልኬት! በላቸው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

በማግስቱ ክምሩ አፈሩን ሰንጥቆ ይጨስ ጀመር። ማስተዋል ሳል አላስቆም ብሏት ከንፈሯ ጠቆረ። ገላነሽ ልጅቱን በባጃጅ ይፋግ እኅቷ ዘንድ ሰደደች። ከዚያ መንሽ አንሥታ ክምሩ ላይ ወጣችና አፈሩን ገፈፈችው። ጭሱ ሰፈሩን ሸፈነው።

በላቸው እየሮጠ መጣ። «ምን ሁነሻል አንቺ! አበድሽ?»

ዞር ብላም አላየችው። ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

«አቶ እንዳልካቸው፣ ይመለሱ። ዛሬ አልጠረግንልዎትም።»