እማማ «በልቻለሁ» ያሉኝ ጠዋት

መርፌ እፈራለሁ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል። አውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ስሠራ ፎርክሊፍት በጎኔ ሲያልፍ፣ ሣጥን ከራሴ በላይ ሲንጠለጠል ደንግጬ አላውቅም። ክሊኒክ ገብቼ ነጭ ጋውን ያየሁ ቀን ግን ዞሬ መውጫ በር እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትስቅብኝ ኖራለች። እንግዲህ የብሎካችን ሰው ለጎረቤት መርፌ እንድወጋ የመረጠው እኔን ነው።

የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ክረምት ሲገባ የበጎ ፈቃድ ሥራ ለየሰዉ ይመደባል፤ ቦይ የሚጠርግ አለ፣ የአቅመ ደካማ ቤት የሚያድስ አለ፣ ችግኝ የሚተክል አለ። አብዛኛው ሰው ችግኙን ይመርጣል። ቲሸርት ይሰጣል፣ ፎቶም ይነሳል። እውነቱን ለመናገር እኔም እጄን ያወጣሁት ለችግኙ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን «አንተ ጡረተኛ ነህ፣ ጠዋት ቤት ትገኛለህ፤ እማማን ያዝልን» አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንዲህ ሆኖ እንቢ ይባላል?

እማማ ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ የጎንደር ሴት ናቸው፤ ሰባውን አልፈዋል። ስኳር አለባቸው። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ግን መርፌው ላይ ያለውን መስመር ለይተው መቅዳት አይችሉም። ልጃቸው የአውሮፕላን ምግብ የሚዘጋጅበት ወጥ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሰርቪሱ ሳይነጋ ይወስዳታል። የማታውን እሷ ትወጋቸዋለች። የጠዋቱን ትወጋላቸው የነበረች ጎረቤት ቤት ቀየረች። ስለዚህ የጠዋቱ መርፌ እኔ ላይ ወደቀ።

የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነርስ ሦስት ቀን አስተማረችኝ። መጀመሪያ ብርቱካን አስወጋችኝ። ብርቱካኑን ስወጋ እንኳ ላብ በላብ ሆንኩ። በመጨረሻ ጣቷን ወደ ፊቴ ቀስራ «ልኩን ሁለት ጊዜ እይ። ከሁሉ በላይ ግን ሳይበሉ እንዳትወጋቸው። ወይ በልተው፣ ወይ ምግቡ ፊታቸው ቀርቦ ሲጎርሱ ማየት አለብህ። ሳይበሉ ከወጋሃቸው ስኳሩ ይወርዳል፤ ይወድቃሉ፤ ላይነሱም ይችላሉ» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለባለቤቴ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው» አልኳት። «ፈሪ ለእናቱ፤ በል ተኛ» አለችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት የነርሷን ቃል ጠበቅሁ። እንደ ዘበኛ ቆሜ እስኪጎርሱ እጠብቅ ነበር። ይህ ግን በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ቆሞ እያየ ብቻውን የሚበላ አለ? እማማ ቂጣውን ቆርሰው መጀመሪያ ለእኔ ይዘረጋሉ። እኔ ደግሞ ሆዴ እየጮኸ «በልቻለሁ» እላለሁ። «በሞቴ» ይሉኛል። «ወላሂ በልቻለሁ» እላለሁ። እሳቸው እጃቸውን እንደዘረጉ፣ እኔ እንደቆምኩ፣ ግማሽ ሰዓት በዚህ ያልፋል። ደግሞ የአሮጊት አፍ ላይ ዓይንን ተክሎ መቆም ያሳፍራል፤ እናቴ ብታየኝ በጥፊ ትለኝ ነበር።

ስለዚህ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ነገሩን አሳጠርኩት። ገባ ብዬ «በልተዋል እማማ?» እላለሁ። «በልቻለሁ ልጄ» ይላሉ። እወጋለሁ፤ እወጣለሁ። አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል። እኛ ሰዎች በልታችኋል ሲሉን አልበላሁም ማለት መቼ እናውቃለን? ለዚህ ነው ጠያቂው ሦስት ጊዜ የሚጠይቀው፤ ለዚህ ነው በሞቴ፣ አፈር ስሆን የሚለው። የመጀመሪያው «በልቻለሁ» ሰላምታ እንጂ መልስ አይደለም። እኔ ራሴ በየቀኑ እዚያው ቤት ቆሜ ስዋሽ፣ የእሳቸውን ግን አንዴ ሰምቼ አመንኩ።

ያን ዕለት ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ከደረጃው መስኮት ውጭ ቆሞ ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ልጃቸው በሰጠችኝ ቁልፍ ከፍቼ ገባሁ። እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀሳል። ቤቱ ምንም አይሸትም፤ የሻይም፣ የቂጣም ሽታ የለም። ይህንን አፍንጫዬ አውቆታል፤ ጭንቅላቴ ግን አልሰማውም። ማጀት ውስጥ ድስት ተከድኖ አየሁ፤ በልተው የከደኑት መሰለኝ።

«በልተዋል እማማ?»

«በልቻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ከፍሪጅ ብልቃጡን አወጣሁ፤ ልኩን ሁለት ጊዜ አየሁ፤ ክንዳቸው ላይ ወጋሁ። በመጀመሪያው ሙከራ ገባልኝ። ኮራሁ። በሩን ቆልፌ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለውን የወንድሜን ሱቅ ልከፍትለት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መድኃኔዓለም ስንደርስ መንገዱን ነጭ የለበሰ ሰው ሞልቶታል። የሥራ ቀን ነው። አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት «ዛሬ ምን በዓል ነው?» አልኳት።

«በዓል አይደለም፤ ፍልሰታ ገባ እኮ» አለችኝ።

እኔ የወሎ ሙስሊም ነኝ፤ ፍልሰታን ግን አውቃለሁ። ከክርስቲያን ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ያደገ ሰው ፍልሰታን አያጣውም። ሕፃን ልጅ ሳይቀር ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል ውሃ አይቀምስም። እማማ በዚያው ሰሞን «የንስሐ አባቴ ዘንድሮ እንዳልጾም ገዘቱኝ» ብለው እንደ ልጅ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። የተከደነው ድስት ትዝ አለኝ። ምንም ያልሸተተው ቤት ትዝ አለኝ። ሳይበሉ ነው የወጋኋቸው።

ስልኬን አውጥቼ እማማ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፤ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ልጃቸው ጋ ደወልኩ፤ የወጥ ቤቱ ሠራተኞች ሥራ ሲገቡ ስልካቸውን ሎከር ውስጥ ስለሚቆልፉ ዝግ ነው። ሰብሳቢው ጋ ስደውል ነፋስና ጫጫታ ይሰማል፤ ብሎኩን በሙሉ ይዞ ችግኝ ተከላ ወጥቷል። «አሁን ጉድጓድ ውስጥ ነኝ፣ መልሼ ልደውልልህ?» አለኝ። ምን ብዬ እንደጮህኩበት አላውቅም። ለባለቤቴ እንዳልደውል ሌሊቱን ለለቅሶ ሌላ ሰፈር ሄዳለች። በመጨረሻ ነርሷን አገኘኋት። የሆነውን ነገርኳት። «እኔም ጤና ጣቢያ አይደለሁም፤ ቤት ለቤት ወጥቻለሁ። ማን ቀድሞ ይደርሳል እንጃ። ከደረስክ፣ መዋጥ የሚችሉ ከሆነ ስኳር በውሃ በጥብጠህ ስጣቸው። ሩጥ» አለችኝ።

ራይድ ታክሲ ይዤ ተመለስኩ። ገርጂ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ፤ ጎሮ ላይ ጭራሽ ቆመ። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ይስቃል። ምነው እግሬን በሰበረው፣ ምነው ያን ቀን እጄን ባላወጣሁ እያልኩ ጉልበቴን እመታለሁ። ሰዓቱን አየሁ፤ ከወጋኋቸው ሁለት ሰዓት አልፏል። ለልጃቸው የምናገረውን በልቤ አዘጋጅ ጀመር። «ጠይቄያቸው ነበር፤ በልቻለሁ ብለውኝ ነበር።» ይህ እናቷን ላጣች ልጅ የሚነገር ነገር ነው? ሙስሊሙ ጎረቤት በመርፌ ገደላቸው የሚል አንድ ሰው አይጠፋም ብዬም አሰብኩ፤ በማሰቤ ደግሞ አፈርኩ። ሰፈራችን እንዲህ አይደለም። ፍርሃት ግን ሰውን ከገዛ ጎረቤቱ ጋር ያጣላል። አፌ ደርቆ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ ከማለት በቀር ጸሎት እንኳ ጠፋኝ።

ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ አለኝ። ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ።

እማማ አልጋውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው በላብ ርሷል፤ ነጠላው ደረታቸው ላይ ተጣብቋል፤ እጃቸው ይርገበገባል። ዓይናቸው ክፍት ነው፤ ግን እኔን እንደ ሌላ ሰው ነው የሚያየኝ። ሰው አይቼ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ማጀት ገብቼ ድስቱን ገለጥኩት። ባዶ ነው፤ ታጥቦ ተከድኗል። ስኳር ያገኘሁት ለእንግዳ ከተቀመጠ ጣሳ ውስጥ ነው፤ ግማሹን ወለሉ ላይ እየደፋሁ በጠበጥኩት።

ኩባያውን ወደ አፋቸው ሳስጠጋ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ፊታቸውን አዞሩብኝ።

«እማማ ይጠጡ፤ በአላህ ይዤዎታለሁ።»

ከንፈራቸው በጭንቅ ተንቀሳቀሰ። «ቅዳሴ... ወጣ?»

ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ቅዳሴው ገና አልተገባም። የሰው ጾም ማስፈታት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቴ ታማ እንኳ ረመዳንን እንዳታፈርስ ስትደበቀን አይቻለሁ። የእኔ ባልሆነ ሃይማኖት፣ በማላውቀው ነገር፣ ወለል ላይ ለምትሞት ሴት መልስ መስጠት ነበረብኝ። ፈራሁ። አላህንም ፈራሁ፣ የእሳቸውን ማርያምም ፈራሁ።

«ወጥቷል እማማ» አልኩ። «ሰዉ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። ጠጡ። ግማሹ በአገጫቸው ፈሰሰ፤ ሌላ በጠበጥኩ፤ እሱንም ጠጡ። ነርሷ ስትደርስ ጭንቅላታቸውን ደረቴ ላይ አስደግፌ እንደ ሕፃን አለቅስ ነበር። ጣታቸውን ወግታ ለካች፤ እያንሰራሩ ነው አለች። ቂጣ ጋግራ አበላቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ድስቱን ከፍተህ አታይም ነበር?»

«የሰው ድስት?» አልኩ። የሰው ማጀት ገብቶ ክዳን መግለጥ ለእኔ ከስርቆት አይለይም። እሷም ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልተቆጣችም።

ልጃቸው ማታ መጥታ እጄን ያዘች፤ አመሰገነችኝ። እሱ ባሰብኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ሰብሳቢውን ጠርቼ ከነገ ወዲያ ጀምሮ ሌላ ሰው ፈልጉ አልኩት። ችግኝ ስጡኝ፣ ቦይ ስጡኝ፤ ሰው ግን አትስጡኝ። ያን ሌሊት ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ያ ባዶ ድስት ይመጣብኝ ነበር።

ሌላ ሰው እስኪገኝ የአንድ ቀን መርፌ ይቀረኝ ነበር። በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ፤ ወግቼ፣ ከዚህ በኋላ አልመጣም ልላቸው። እማማ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ቂጣና ሻይ ቀርቧል፤ አልተነካም።

«ና፤ ቁጭ በል» አሉኝ። ተቀመጥኩ። «ትናንት ቅዳሴ አልወጣም ነበር።»

«ያውቁ ነበር?»

«ሰባ ዓመት ጾሜ ጠዋቱን ከዘጠኝ ሰዓት የማልለይ ይመስልሃል? ዓይኔ ቢደክም ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ አላጣትም።»

«ታዲያ ለምን ጠጡ?»

ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እጅህ ሲንቀጠቀጥ ኩባያው ጥርሴን ይመታው ነበር። እኔስ በፍልሰታ ብሞት ምን ይቆጨኛል? አንተ ግን እማማን ገደልኳት እያልክ ልትኖር ነው። ያን ያህል የፈራ ሰው አይቼ አላውቅም። አሳዘንከኝ።» አስከትለውም «ትናንት ማታ ለንስሐ አባቴ በስልክ ነግሬያለሁ። ግዝቴን ለምን ጣስሽ ብለው ተቆጡኝ። አንተን ሳይሆን እኔን» አሉ።

አልመጣም የሚለውን ቃል ሳልናገረው ቀረሁ። ሰባ ዓመት ያላፈረሱትን ጾም ለእኔ ፍርሃት ሲሉ አፈረሱት፤ እኔ ደግሞ ከዚያው ፍርሃት ልሸሽ ነው የመጣሁት። አፈርኩ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፤ እስከ ዛሬም አለ፤ ደረጃውን በወጣሁ ቁጥር ከእኔ ጋር ይወጣል።

ከፍሪጅ ብልቃጡን አወጣሁ። ልኩን ሁለት ጊዜ አየሁ። እማማ ቂጣውን ቆርሰው እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ወደ እኔ ዘረጉ፤ ተቀብዬ በላሁ። ከዚያ እሳቸው ጎረሱ። ነውር ነው ሳልል አፋቸውን እያየሁ እስኪውጡ ጠበቅሁ።