እትዬ አስካለ የዘለሏት ሐረግ

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ ወሰን በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ገና ውኃ ያልነካው ነጠላ ለብሳ ነበር። የጥጡ ሽታና ሸማኔ ክሩን የሚያጠነክርበት የዱቄት ሙቅ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ እትዬ አስካለ ትዝ አሉኝ።

የካ ዳገቱ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ፣ የአክስቴ ጎረቤት ነበሩ። ነጠላ ይቋጫሉ። ጭናቸው ላይ ዘርግተው የጫፉን ክር በመዳፋቸው እያሹ ሲገምዱ፣ እኔ ሌላውን ጫፍ ወጥሬ እይዛለሁ። አክስቴ ከሥራ እስክትመለስ ውሎዬ እሳቸው ዘንድ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ፊደል አልቆጠርኩም። ማንበብ የማይችል ሰው የሰማውን እንደሰማው ነው የሚይዘው፤ አባታችን ሆይንም ከእሳቸው አፍ ያዝኩት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሳቸው ይመራሉ፣ እኔ እከተላለሁ። "በደላችንንም ይቅር በለን" ይሉና ረጅም ትንፋሽ ወስደው "ወደ ፈተናም አታግባን" ይላሉ። ትንፋሹም የጸሎቱ ክፍል መስሎኝ እኔም እተነፍስ ነበር።

በዓመቱ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ሰንበት ትምህርት ቤትም ጀመርኩ። አንድ እሑድ ጸሎቱን እንድመራ ታዘዝኩና እንደለመድኩት ተንፍሼ አለፍኩ። ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱት ልጆች ሳቁ፤ አንዱም በዕድሜዬ አላገጠ፦

"ይቺ ባልቴት የሚመቻትን መርጣ ነው እንዴ የምትጸልየው?"

እያለቀስኩ እትዬ አስካለ ቤት ገባሁ። "ጎደሎ አስተማሩኝ! 'እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል' የሚል አለው!"

ነጠላውን አስቀመጡ። "አውቀዋለሁ። አቶ ደምሴን ይቅር ሳልል ይቅር ብያለሁ ብዬ እግዜርን ልዋሸው?"

አቶ ደምሴ ከአጥር ማዶ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የእትዬ አስካለን አንድ ልጅ "ቆርቆሮ ሲሰርቅ አይቻለሁ" ብለው በሐሰት መስክረውበት ሁለት ዓመት ታሰረ። እውነተኛው ሌባ ኋላ ተገኘ፤ ልጁ ግን ሲፈታ ሰፈሩን ዳግመኛ ላያይ ምሎ ሄደ።

እንባዬን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ "ቂሜን ላንቺም አወረስኩሽ?" አሉኝ። "ለብቻዬ ነበር እኮ የያዝኩት።"

በማግስቱ ጠዋት እጄን ይዘው ወደ አቶ ደምሴ በር ሄዱ። ሰውየው ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ሲያዩን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ እትዬ አስካለ።

"ልጅሽን አልመልስልሽ ነገር... በምን አፌ ልቀበልሽ?"

"አይመልሱትም። ደስ ብሎኝም አልመጣሁ።"

አቶ ደምሴ ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ እትዬ አስካለ ትከሻቸውን ይዘው አስቀሯቸው፤ ፊታቸውን ግን ወደ እንጦጦ አዙረው ነበር።

ያን ዕለት ማታ ስንጸልይ እትዬ አስካለ ያቺን ሐረግ እንደ አዲስ አንባቢ እየተደናቀፉ አሏት። ከዚያም በኋላ የሚዘሏት ቀን ነበር። እንዲያ ሲሆን በነጋታው በአጥሩ ላይ ድምፃቸው ይሰማል፦ "አቶ ደምሴ፣ ትናንት እንደገና ተቀይሜዎት ነበር። ይቅር ለእግዚአብሔር!"

"ይቅር ይበለን፣ አስካለ። ዛሬስ ቁርስ በልተሻል?"

የእትዬ አስካለ ልጅ ለቀብራቸው እንኳ አልመጣም። ለእኔ የተረፈኝ ቀርፋፋ ጸሎት ነው። ሕዝቡ ጨርሶ አሜን ሲል፣ እኔ ብዙ ጊዜ ገና እዚያችው ሐረግ ላይ ነኝ፤ የአንድ ሰው ስም ይዤ።