ማንም የማይጎትተው ተጎታች

ባለፈው ሰሞን ነዳጅ ልሞላ ቆሜ ሳለ፣ አጠገቤ አንድ ሰው ከመኪናው ኋላ ተንበርክኮ ግራሶ ሲቀባ ሽታው ድንገት መጣብኝና፣ የነዳጁን ቱቦ እንደያዝኩ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ ውስጥ ሻዓራይም ሰፈር ወደነበረው ግቢያችን ወሰደኝ። ልጄ ከመኪናው ውስጥ «ኢማ፣ ሞልቷል እኮ!» እስኪለኝ ድረስ የት እንዳለሁ አላወቅሁም።

የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዓመት ከገባ ብዙም አልቆየም ነበር፤ እኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከጎንደር ገጠር በሱዳን በኩል የመጣው አባቴ፣ መዝከረት ባትያ በምትባል መንደር አጠገብ ብርቱካን እርሻ ላይ እየሠራ፣ በትርፍ ጊዜው በትንሽ ተጎታች የሰው ዕቃ ያመላልስ ነበር። በበጋ አርብ አርብ ጠዋት ፀሐይ ሳትከር ይነሳና ግቢው ውስጥ ይንበረከክ ነበር። ከመኪናው ኋላ ያለውን የብረት ኳስ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ወልውሎ፣ አሸዋ የጠጣውን ጥቁር ግራሶ ጠርጎ፣ ኳሱን የሚነክሰውን የተጎታቹን አፍ ውስጡን በጣቱ እየዳበሰ አዲስ ግራሶ ይቀባው ነበር። ከዚያ አፉን ኳሱ ላይ ያሳርፈዋል፤ መቆለፊያው ቀጭ ቢልም አያምነውም፣ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ እየሳበ ይነቀንቀዋል።

አብሮን የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ አዳነ፣ ከውትድርና የወጣ ሰሞን ነበርና ሳቅ አይለየውም። በሩን ተደግፎ «ኧረ ጋሼ፣ ሙሽራም እንዲህ አይቀባም!» ሲለው፣ አባቴ ቀና ሳይል «አንተን ስንድር እናያለን» ይለው ነበር። አዳነ የሺ የምትባል ልጅ አጭቶ ነበር።

የአይሁድ አዲስ ዓመት በዓላት አልፈው የመጀመሪያው ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም፣ አዳነ ከመዝከረት ባትያ ለአዲሱ ጎጇቸው ቁም ሳጥን ሊያመጣ ተነሳ። ተጎታቹን ከመኪናው ያያያዘው ራሱ ነበር። አባቴ ፊቱን እየታጠበ በመስኮት «ነቅንቀኸዋል?» ብሎ ጮኸ።

«ቤሰደር ጋሼ፣ ቤሰደር!» ብሎ በዕብራይስጥ «ደህና ነው» አለውና ወጣ።

ሲመለስ ዝናቡ ወርዶ መንገዱ አንሸራታች ሆኖ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ተጎታቹ ተላቀቀ፤ መጠባበቂያ ሰንሰለቱም ተበጠሰና ከነቁም ሳጥኑ ቦይ ውስጥ ገባ። አዳነን ምንም አልነካውም ነበር። ግን ተጎታቹን ሊያይ ወርዶ መንገዱን ሲሻገር፣ የመጣ መኪና በዝናቡ ውስጥ ሳያየው ገጨው። እዚያው አረፈ።

ከለቅሶው በኋላ አንድ መርማሪ ቤታችን መጣ። አባቴ ዕብራይስጡ ስላልጠና እኔ መሐል ተቀምጬ አስተረጎምኩ። ሰውየው መቆለፊያው አርጅቶ ይሁን ሳይዘጋ ቀርቶ መለየት እንደማይቻል ተናገረ። አባቴ ዓይን ዓይኔን እያየ «ምን አለ?» አለኝ።

«አይታወቅም አለ፣ አባዬ።»

«እንደገና ጠይቂው።»

ጠየቅሁት። መልሱ ያው ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ተጎታቹ ግቢያችን ውስጥ ቆመ። ማንም አይጎትተውም፤ አባቴ ግን በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ፣ ልብሱን ሳይቀይር፣ ዝናብ እየወረደበት ይቀባው፣ ይቆልፈው፣ ይከፍተው፣ መልሶ ይቆልፈው ነበር። እናቴ «ምን ሊጎተትበት ነው?» ስትለው «ዝገት እንዳይገባው ነው» ይላታል። ያ ቀጭ የሚለው የመቆለፊያው ድምፅ ወጥ ቤት ድረስ ሲሰማ እናቴ እንዳትሰማው ቧንቧውን ትከፍት ነበር። እኔ ደግሞ ድምፁ በተቋረጠ ቁጥር፣ አጎቴ በሩን ተደግፎ አንድ ነገር ሊለው ነው እያልኩ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቅ ነበር። በሩ ላይ የቆመ ሰው ግን አልነበረም።

በጸደይ፣ ከተማውን የብርቱካን አበባ ሽታ ሲሞላው፣ የሺ ጥቁሯን እንደለበሰች መጣች። ሊገቡበት የነበረውን ቤት ልትለቅ ነበር። «ዕቃዬን እናቴ ቤት ያድርሱልኝ፣ ጋሼ» አለችው።

አባቴ መሬት መሬት እያየ «ሌላ ሰው ልፈልግልሽ» አላት።

«ሌላ ሰው አልፈልግም።»

ተጎታቹን ከመኪናው አያያዘው። ይነቀንቀዋል፣ ይተወዋል፣ ተመልሶ ይነቀንቀዋል። የሺ ጎንበስ አለችና እጇን ከእጁ አጠገብ አሳርፋ አብራው ሳበች። «ይዟል» አለች። እሱ አልለቀቀውም። «ጋሼ፣ ይዟል እኮ!» አባቴ ያኔ፣ በቀብሩ ቀን እንኳ ያላወጣውን እንባ፣ ብረቱን እንደጨበጠ ለቀቀው።

በሄርዝል ጎዳና ስንሄድ እግረኛ እየቀደመን፣ ከኋላችን ጥሩንባ እየተነፋብን ነበር። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ተንበርክኬ እስክንደርስ ድረስ ዓይኔን ከተጎታቹ አላነሳሁም። ደረስን። በዚያው በጋ አባቴ ተጎታቹን ለሥራ ባልደረባው ሰጠው፤ ሰውየው ሊወስደው ሲመጣ ግን አባቴ ቤት አልተገኘም።

አሁን ያ ዝቅ ያለ ቤታችን ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ እኔም በዕድሜ አጎቴን አልፌዋለሁ። ያኔ ትልልቆቹ የሆነውን ሁሉ ያውቃሉ፣ ለእኛ ለልጆች ብቻ ነው የማይነግሩን ብዬ አምን ነበር። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ ልጆቼን ይዤ ከእሱ ዘንድ ስመለስ፣ ገና ደጄን ሳልከፍት ስልኬ ይጮኻል።

«ደረሳችሁ?»

«ደረስን፣ አባዬ።»

ሌላ ምንም አይጠይቀኝም። ስልኩን እስኪዘጋ ድረስ ግን ትንፋሹን ሲያወጣ እሰማዋለሁ።